ሁለተኛው ትምህርት፦ የቆየ ፍርሃት እንዴት ይለቃል?

ፒተር የሁለት ዓመት ከአሥር ወር ልጅ ነበር። ጤናውም ጨዋታውም ደህና ነው። ነጭ አይጥ ካየ ግን ጩኸቱን ያቀልጠዋል፤ ጥንቸል ካየ ደግሞ ይብስበታል። የፀጉር ካፖርት፣ ላባ፣ የጥጥ ባዘቶ ሳይቀር ያስበረግገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች ወጣት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ የዚህን ልጅ ታሪክ ጽፋ አሳተመች። ጽሑፉን ያኔ ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን «ያለፈውን ልተወው ብል እሱ አልተወኝም» ብሎ ባለሙያ ዘንድ የሚሄድ ሰው ከሚያገኛቸው ሕክምናዎች መካከል ብዙ ማስረጃ ያለው አንዱ፣ ሥሩ ሲቆፈር ከፒተርና ከጥንቸሉ ይደርሳል።

የጆንስን ሥራ ለመረዳት ከእሷ አራት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ባልቲሞር ውስጥ የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ የሚያኮራ አይደለም። ጆን ዋትሰንና ረዳቱ ሮዛሊ ሬይነር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል «አልበርት» ብለው የሰየሙትን የ11 ወር ሕፃን ከነጭ አይጥ ፊት አስቀመጡት። ሕፃኑ አይጡን አልፈራም፤ እንዲያውም ሊነካው እጁን ሰደደ። በዚያችው ቅጽበት ከጀርባው የተንጠለጠለ የብረት ዘንግ በመዶሻ ተመታ። ልጁ ክው አለ። ይኸው ሲደጋገም ብረቱ ባይመታም አይጡን ገና ሲያይ ማልቀስና እየዳኸ መሸሽ ጀመረ። ፍርሃቱ ከአይጡም አልፎ ወደ ጥንቸል፣ ወደ ውሻ፣ ወደ ፀጉር ካፖርት ተዛመተ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው የአገራችን ተረት ነገሩን ከሁሉም በፊት ብሎታል፤ የባልቲሞሮቹ ሰዎች የጨመሩበት ነገር ቢኖር እባቡንም ልጡንም ሆን ብለው ማዘጋጀታቸው ነው። አልበርት ከሆስፒታሉ የሚወጣበትን ጊዜ አስቀድመው ያውቁት ነበር። እንዲያም ሆኖ የተከሉበትን ፍርሃት ሳይነቅሉለት እናቱ ይዛው ሄደች።

ሳይንሱ ይህን ዓይነቱን ትምህርት «ኮንዲሽኒንግ» ይለዋል። አንጎል አብረው የመጡ ሁለት ነገሮችን ያጣምራል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ብቅ ሲል ለሌላው መዘጋጀት ይጀምራል። ባለቤቱን አያስፈቅድም። በልጅነቱ የአባቱ ቁልፍ በር ላይ ሲንሿሿ «ዛሬ ሰክሮ ይሆን?» እያለ ያደገ ሰው፣ አርባ ዓመት ሞልቶትም የቁልፍ ድምፅ ሲሰማ ትከሻው ይኮማተራል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ ለኖረ ሰው፣ ከሰዓት እላፊ በኋላ የሚሰማ የበር ኳኳታ ምን ማለት እንደነበር መንገር አያስፈልግም። ቤት ለቤት ይፈትሹ የነበሩት አሳሾች ከሄዱ ስንት ዘመን ሆናቸው፤ ኳኳታው ግን ዛሬም የአንዳንዱን ሰው እንቅልፍ ይቀማል። እንዲህ ያለውን ሰው «እርሳው፣ አልፏል» ማለት ይቀናናል። አሳሾቹ እንደሌሉ እሱም ከመካሪው እኩል ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን የሚያስበው ክፍሉ ነው፣ የሚደነግጠው ክፍሉ አይደለም።

ምክር ብቻውን የማይሠራ መሆኑን ቀድማ በሙከራ ያየችው ጆንስ ናት። በኒው ዮርክ ከሦስት ወር እስከ ሰባት ዓመት የሚደርሱ 70 ያህል ሕፃናትን ይዛ፣ ፍርሃት ያለባቸውን ለይታ፣ ሰው ልጁን ለማደፋፈር የሚሞክራቸውን ዘዴዎች አንድ በአንድ ፈተሸቻቸው። መጀመሪያ «ሲያድግ ይተወዋል» የሚለውን ሞከረች፤ የሚፈሩትን ነገር ለሳምንታት ሳያዩት ቆይተው መልሰው ሲያዩት ፍርሃቱ ብዙውን ጊዜ እንዳለ ነበር። ቀጥላ ማስረዳትን ሞከረች። አምስተኛ ዓመቷን ለያዘች አንዲት ልጅ ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ስለ ጥንቸል ይወራላት ጀመር፤ ሥዕል ታየች፣ በአሻንጉሊት ጥንቸል ተጫወተች፣ ተረት ሰማች። ልጅቷ ወሬውን ወደደችው። እውነተኛው ጥንቸል ሲመጣ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን «ውሰዱልኝ» ብላ ዘላ ተነሣች።

በሌሎች ልጆች መሣቂያ ማድረግም ተሞክሯል። ጆንስ ይህኛው ፍርሃቱን እንደማይቀንስ፣ አንዳንዴም እንደሚያባብሰው ታዘበች። «ወንድ ልጅ እንዴት ይፈራል!» እየተባለ ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር ላይሆን ይችላል። በእኛ ቤት ደግሞ ነገሩ ድርብ ነው፤ ልጁን ማታ «አያ ጅቦ መጣልህ» ብለን እናስፈራራውና ጠዋት ፈሪ ነህ ብለን እንሥቅበታለን።

ከሁሉም ውስጥ በእርግጥ የሠሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው የሚፈሩትን ነገር ከሚወዱት ነገር ጋር ማጣመር ነው። ሁለተኛው የማይፈሩ ልጆች አጠገብ አስቀምጦ ማሳየት ነው። ፒተር ላይ ሁለቱም ውለዋል።

በመጀመሪያ ፒተርን ጥንቸል ከማይፈሩ ልጆች ጋር ማጫወት ተጀመረ። ጆንስ እያንዳንዱን እርምጃ መዝግባዋለች። መነሻው ላይ ጥንቸሉ ክፍሉ ውስጥ የትም ቢሆን፣ በቀፎ ቢዘጋበትም፣ ልጁ ይሸበራል። ቀጥሎ ከሦስት ሜትር ተኩል ርቀት ላይ በቀፎው እንዳለ ቻለው። ከዚያ አንድ ሜትር ደረሰ። ከዚያ አጠገቡ። ከዚያ ቀፎው ተከፍቶ ጥንቸሉ ክፍሉ ውስጥ ሲፈታ ዝም ብሎ አየ። ነገሩ ሠመረ ሲባል ፒተር በቀይ ሽፍታ ትኩሳት ታሞ ሁለት ወር ያህል ሆስፒታል ገባ። ከዚያ ወጥቶ ከነርሷ ጋር ታክሲ ሊገቡ ሲሉ አንድ ትልቅ ውሻ እየጮኸ ዘለለባቸው። ነርሷም ደነገጠች፤ ልጁም ተንቀጠቀጠ። ተመልሶ ከጥንቸሉ ጋር ሲገናኝ ያ ሁሉ ልፋት መና ሆኖ ተገኘ፤ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ወርዷል።

ጆንስ ይህን ጊዜ ዘዴዋን ቀየረች። ልጁ ከፍ ባለ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚወደውን ምግብ ሲበላ፣ ጥንቸሉ ከወዲያኛው ጫፍ በቀፎ ሆኖ ይገባል። ቀፎው ምግቡን በማያስጥለው ርቀት ይቆማል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ትንሽ ይጠጋል። ጥንቃቄ የሚጠይቀው እዚህ ላይ ነበር፦ ከተጣደፉ፣ ጥንቸሉ የምግቡን ጣዕም እንደመውረስ ምግቡ የጥንቸልን ፍርሃት ሊወርስ ይችላል። ከብዙ ቀናት በኋላ ፒተር ጥንቸሉን እያሻሸ ጣቱን እስከማስነከስ ደረሰ። ጥጡን፣ ካፖርቱንና ላባውን ለብቻቸው ማንም ሳያስተምረው የእነሱም ፍርሃት አብሮ ለቀቀው። በባልቲሞር ክፋቱ እንደተዛመተ ሁሉ በኒው ዮርክ ደግነቱ ተዛመተ።

የሚገርመው፣ በየቅዳሜው እየመጣ ያማክራት የነበረው ያው ዋትሰን ነው።

በታሪኩ ውስጥ ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው ቦታ የታክሲው ውሻ ነው። ያን ያህል የተደከመበት ነገር በአንድ ውሻ ጩኸት ከፈረሰ፣ መጀመሪያውኑ ምን ተገንብቶ ነበር ማለት ነው? ለዚህ መልሱ ከሩሲያ ይመጣል። ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምር ነው፤ ስሙን በዓለም ያስጠራው ግን የውሾቹ ምራቅ ሆነ። ውሻው ድምፅ ይሰማል፣ ምግብ ይመጣል፤ ቆይቶ ድምፁ ብቻውን ምራቁን ያዝረበርበዋል። ፓቭሎቭ ድምፁን ያለ ምግብ ሲደጋግመው ምራቁ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ትምህርቱ ጠፋ እንዳይባል ግን ውሻው ለጥቂት ጊዜ አርፎ ድምፁን ሲሰማ ምራቁ መልሶ መጣ። ካልጠፋ ወዴት ሄዶ ነበር?

ተፈጥሮ የራሷን ሙከራ ጨመረች። እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1924 ሌኒንግራድ በጎርፍ ተጥለቀለቀች፤ ውሃው የፓቭሎቭ ውሾች የሚያድሩበት ድረስ ገባ። ሠራተኞች እንስሳቱን እያዋኙ ወደ ዋናው ሕንፃ አሻገሯቸው። ከዚያ ወዲህ አንዳንዶቹ የተማሩትን ሁሉ የረሱ መሰሉ። ከመካከላቸው አንዱን፣ በተለይ ድንጉጡን፣ በብዙ ትዕግሥት ወደ ቀድሞው ሁኔታው መለሱት። ሊፈትኑት ፈልገው በበሩ ሥር ትንሽ ውሃ ያለ ድምፅ እንዲሰርግ አደረጉ። ውሻው ዘሎ ተነሣ፣ እያለከለከ ውሃውን አፍጥጦ አየ፤ ያ ሁሉ ጥገና በአንድ ጭልፋ ውሃ ተናደ።

ዘመናዊው ምርምር ፓቭሎቭ የጠረጠረውን አጠናክሮታል። ፍርሃት ሲለቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ አሮጌው ትምህርት አይፋቅም። ከጎኑ ሁለተኛ ትምህርት ይጻፋል፦ «ያ ድምፅ አደጋ ነው» ከሚለው አጠገብ «ያ ድምፅ አሁን ምንም አያመጣም» የሚል። የመጀመሪያውን አሚግዳላ የሚባለው፣ በአንጎል ውስጠኛ ክፍል ያለ የለውዝ ፍሬ የሚያህል አካል ይዞታል። ሁለተኛው ሲያሸንፍ ደግሞ የግንባር አካባቢ የአንጎል ክፍል አሚግዳላን ያስታግሠዋል። እንቅልፍ ሲጎድል፣ ድካምና ጭንቀት ሲበዛ ማስታገሡ ይላላል። ለዓመታት ደህና የነበረ ሰው በከፋው ወር ውስጥ የድሮ ፍርሃቱ የሚመለስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንግዲህ «ተመለሰብኝ፣ አልዳንኩም ማለት ነው» የሚለው ንግግር መሠረቱ ስህተት ነው ማለት ይቻላል። ያልሄደ ነገር አይመለስም፤ ሁለቱ ትምህርቶች አሉ፤ ጥያቄው የዛሬው ቀን የትኛውን ጠራ የሚለው ነው።

የሚጠራውም በአብዛኛው ቦታው ነው። ማርክ ቡተን በቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት ያጠናው ይህን ነው። አይጥ አንድ ሣጥን ውስጥ ሆና ድምፅንና የኤሌክትሪክ ንዝረትን ታያይዛለች፤ ሌላ ሣጥን ውስጥ ገብታ ድምፁ ምንም እንደማያመጣ ትማራለች። ወደ መጀመሪያው ሣጥን ስትመለስ ፍርሃቷም አብሯት ይመለሳል። ሌላ ሦስተኛ ሣጥን ውስጥ ቢያስገቧትም እንዲሁ ትፈራለች። ፍርሃት በቀላሉ አገር ይዞራል፤ መረጋጋት ግን የተማሩበትን ክፍል ለቆ መውጣት ይከብደዋል። ተፈጥሮ ብልህ ናት ቢባል እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ አንበሳ የታየበትን ወንዝ መርሳት የሚያስከፍለው ዋጋ ከመጠንቀቅ ዋጋ ይበልጣል። ለዛሬው ሰው ግን ዕዳ ሆኖበታል።

ጫት ያቆመ ሰው ይህን ከቡተን ሳይማር ያውቀዋል። ሰኞ ጠዋት ቢሮው ውስጥ ትዝም አይለው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ፍራሹ ተነጥፎ፣ ዕጣኑ እየጨሰ፣ የድሮ ጓደኞቹ ድምፅ ከጓዳ ሲሰማ ግን ሐራራው ይነሣበታል። የቬትናም ጦርነት ነገሩን ከሌላው ወገን አሳይቷል። ሊ ሮቢንስ የተባለችው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ከቬትናም የተመለሱ አሜሪካውያን ወታደሮችን ስታጠና፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል እዚያ ሳለ የሄሮይን ሱሰኛ እንደነበር ተናገረ። አገራቸው ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት ግን ከእነዚህ ውስጥ ከመቶ አምስት ያህሉ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ዋጋውም ተወዷል፣ ዘመድም አለ፣ የጦር ሜዳውም ጭንቀት ቀርቷል። ሆኖም ሱሱን የሚጠራው ቦታ፣ ሰውና ሰዓት ባሕር ማዶ መቅረቱን ከሒሳቡ ማውጣት አይቻልም። ከተሃድሶ ማዕከል ጤነኛ ሆኖ ወጥቶ ሰፈሩ በገባ በሳምንቱ የሚወድቀውን ሰው ፈቃደ ደካማ ብሎ ከመፍረድ በፊት ይህን ማሰብ ደግ ነው።

ታዲያ የጆንስ ዓይነቱ ዘዴ ወደ ሕክምና ክፍል የገባው በዋነኛነት በደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም በጆሴፍ ዎልፔ በኩል ነው። ዎልፔ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር ሐኪም ሆኖ ሠርቷል፤ ጦርነት ያናወጣቸውን ወታደሮች በጊዜው በነበረው ዘዴ መርዳት አቅቶት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ጆሃንስበርግ ውስጥ ከድመቶች ጋር ሠራ። ንዝረት የቀመሱበት ቀፎ ውስጥ ቢርባቸውም የማይበሉትን ድመቶች፣ መጀመሪያ ከዚያ ክፍል ጋር በማይመሳሰል ክፍል አበላቸው። ቀስ በቀስ ይበልጥ ወደሚመሳሰሉት ክፍሎች እያሳለፈ በመጨረሻ ቀፎው ውስጥ በሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ለሰው የሚሆነውን ዘዴ አቀረበ፤ ጆንስን «የባሕሪ ሕክምና እናት» ብሎ የሰየማትም እሱ ነው።

ዛሬ ኤክስፖዠር ቴራፒ የሚባለው ሕክምና ሲሠራበት ምን ይመስላል? የመኪና አደጋ ደርሶበት መንገድ መሻገር ያቃተውን ሰው እናስብ። ከባለሙያው ጋር ተቀምጠው የሚፈራቸውን ነገሮች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይዘረዝራሉ፤ ለእያንዳንዱም ከዜሮ እስከ መቶ ነጥብ ይሰጣል። በቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ 30፣ በሰፈር መንገድ በታክሲ መሄድ 55፣ አደጋው በደረሰበት መስቀለኛ መንገድ ማለፍ 95። ከዚያ ከታች ይጀመራል። ቁም ነገሩ ታማሚው አስቀድሞ «ምን ይሆናል ብለህ ነው?» ተብሎ መጠየቁና ከተደረገ በኋላ የሆነውን ከጠበቀው ጋር ማስተያየቱ ነው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራው ሚሼል ክራስክ እንደምትለው፣ አዲሱን ትምህርት የሚያጠብቀው ፍርሃቱ እዚያው መብረዱ ሳይሆን የተጠበቀው ክፉ ነገር ሳይመጣ መቅረቱ ነው። በሰውነቱ ላብ እየወረደ መሻገር ከቻለ ትምህርት ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሰው እጅ ጨብጦ ከተሻገረ ግን አንጎሉ «ያተረፈኝ እጁ ነው» ብሎ ይመዘግባል።

የከፋ በደል የደረሰበት ሰው ጉዳይ ረቀቅ ይላል። ኤድና ፎኣ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ያዳበረችው ሕክምና ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይፈጃል፤ አንዱ ቀጠሮ 90 ደቂቃ ያህል ነው። ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ ያን ቀን አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጎ ይተርካል፤ ድምፁ ይቀዳል፤ ቤቱ ወስዶ ደጋግሞ ያዳምጠዋል። ነገሩ ጭካኔ ይመስላል። የሚሠራው ግን ትዝታውና አደጋው ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሰውነት እንዲማር ነው። ይህ ሥልጠና ባለው ሰው እጅ ብቻ የሚደረግ ነው። ዋና የማይችልን ሰው ወንዝ ውስጥ ወርውሮ «ትለምደዋለህ» ማለት፣ ወይም የተደፈረችን ሴት ቤተ ዘመድ ፊት «ተናገሪና ይውጣልሽ» ማለት የብረት ዘንጉን እንደገና መምታት ነው።

አንዳንዱ የቆየ ትምህርት ደግሞ ፍርሃት ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ ይመስላል። ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ሥራ፣ ማምለጥ የማይችሉት ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች በኋላ አጭር አጥር ዘለው ማምለጥ ሲችሉ እንኳ አብዛኞቹ ተኝተው አለቀሱ። ለማዳን የተሞከረው ዘዴ ቀላልና አድካሚ ነበር፤ ውሻውን በገመድ እየጎተቱ ወደ ሰላሙ ወገን ማሻገር፣ ደጋግሞ፣ በራሱ እስኪዘል ድረስ። ማየርና ሴሊግማን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ተስፋ መቁረጥ በትምህርት ይመጣል የሚለውን የራሳቸውን ሐሳብ ገለበጡት። መከራ ሲበዛ እጅ መስጠት የአንጎል የመጀመሪያ ምላሽ ነው አሉ። እንስሳቱ የሚማሩት «በእኔ እጅ ያለ ነገር አለ» የሚለውን ነው። ብርታትን ከቃል ይልቅ ከእግር የተማሩ ውሾች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

አሮጌውን ትዝታ ጨርሶ መፋቅስ? ካሪም ናደር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ጥናት ብዙ ሰው አስጎምጅቷል። አይጦች ፍርሃታቸው ሲቀሰቀስ ትዝታው ለጥቂት ሰዓታት ይላላል፤ በዚያን ጊዜ ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚከለክል መድኃኒት አሚግዳላቸው ውስጥ ከተሰጠ ተመልሶ አይጠብቅም። ያ መድኃኒት ለሰው አይሰጥም። ለሰው በሚሰጥ የልብ መድኃኒት የተደረጉት ሙከራዎች ደግሞ አንዴ ሠርተው ሌላ ጊዜ ሳይሠሩ ቀርተዋል።

ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ሕክምናውን በመፋቅ ተስፋ ላይ አይገነባም። ልምምዱን ከቢሮው አውጥቶ ወደ ታማሚው ቤት፣ መንገድና የሥራ ቦታ ይወስደዋል፤ ጠዋትም ማታም፣ ከሰው ጋርም ብቻውንም እንዲሆን ያደርጋል። በመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎች ላይ ደግሞ ታማሚው ወረቀት ይዞ ፍርሃቱ ወደፊት የት የት ሊመጣበት እንደሚችል ይጽፋል፦ የሙት ዓመት ቀን፣ የትውልድ ሰፈሩ ጉብኝት፣ ሌላ በሽታ፣ የሥራ ማጣት። ከእያንዳንዱ ጎን በመጀመሪያው ሳምንት ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛውን እርምጃ እንደሚደግም፣ ማን ጋ እንደሚደውል ይሞላል፤ ወረቀቱንም ይዞት ይሄዳል።